ስድስተኛ ከወጣ በኋላ፦ የመሐመድ አማን የ2013 የውድድር ዓመት

በዚህ እትም ስለ ሩጫ እንጽፋለን። ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጥነው ግን አስቀድመን እንንገራችሁ።

እዚህ ሎሎጎ ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ስሙን አንጽፍም። ፈጣን ልጅ ነው። ከትምህርት በኋላ ሜዳችን ላይ 100 ሜትርና 200 ሜትር ሲሮጥ ጓደኞቹ ጀርባውን ብቻ ነው የሚያዩት። በቅርቡ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር አለ ተባለና ይዘነው ሄድን። አዘጋጆቹ ወረቀቱን አዩና «ይሄ 23 ዓመቱ ነው፣ አይሮጥም» አሉን። ልጁ ግን 15 ዓመቱ ነው። ወረቀቱ ለምን እንዲህ እንደሚል ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ያን ቀን ልጁ ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ አብሮን ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም።

ጓደኞቹን «የት ሄደ?» ብለን ስንጠይቃቸው አንዱ ምን አለ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ ምን ቀረበት? ሐበሻ እንደሆነ አጭር ርቀት አያሸንፍም፣ እሱ የጃማይካ ነው።» ሌላዋ ደግሞ «ለእሱ ዓመቱ አልቋል» አለች።

በእነዚህ ሁለት አባባሎች ላይ እኛ መምህራኑም ሻይ እየጠጣን ስንከራከር ቆየን። እውነት እኛ ፍጥነት የለንም? እውነት አንድ ቀን ከከሸፈ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው? ለሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚሆን የታወቀ ታሪክ አገኘን። እሱም የአርሲው ልጅ የመሐመድ አማን ታሪክ፣ በተለይም የ2013 የውድድር ዓመቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አጭር ርቀት የሚባለው የትኛው ነው?

በአትሌቲክስ አጭር ርቀት የሚባሉት 100፣ 200 እና 400 ሜትር ናቸው። ሯጩ ተንበርክኮ ይነሳል፣ እስከ መጨረሻው ከተሰጠው መስመር ሳይወጣ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይሮጣል። 800 እና 1500 ሜትር መካከለኛ ርቀት ይባላሉ። 5000 ሜትር፣ 10000 ሜትርና ማራቶን ደግሞ ረጅም ርቀት ናቸው።

ልጆቻችን ያሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ካሸነፈ ጀምሮ፣ በነደራርቱ፣ በነኃይሌ፣ በነቀነኒሳ፣ በነጥሩነሽ ስማችን የገነነው በረጅም ርቀት ነው። በ100 ወይም በ200 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ኢትዮጵያዊ የለም።

ለምን? ብዙ ሰው «አገራችን ደጋ ስለሆነች ነው» ይላል። ይህ ሙሉ መልስ አይደለም። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው እዚያ ሲወዳደር ትንፋሽ ያጥረዋል። አጭር ርቀት ለሚሮጥ ግን የሚገፋው አየር ስለሚቀንስለት እንዲያውም ይጠቅመዋል። የ1968 ኦሎምፒክ የተካሄደው 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ነበር። እዚያ ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ፣ ሊ ኢቫንስ 400 ሜትርን በ43.86 ሰከንድ ሮጠው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። በዚያው ኦሎምፒክ ማራቶኑን ያሸነፈው የኛው ማሞ ወልዴ ነው። አንድ ከፍታ፣ ሁለት ዓይነት ድል።

እንግዲህ ደጋው ብቻ ካልሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ለአጭር ርቀት የተስተካከለ መም ያስፈልጋል፤ አነሳስን፣ የእጅና የእግር አጣጣልን የሚያርም አሰልጣኝ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅ የሚሮጠው ያየውን ነው። አሰላና በቆጂ አካባቢ የተወለደ ልጅ ሩጫ ሲያስብ የሚታየው 10000 ሜትር ነው። መሐመድ አማንን ለየት የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። ከዚያው ከአሰላ ተነስቶ የመረጠው 800 ሜትርን፣ ማለትም ከአጭር ርቀት ጎን ያለውን ውድድር ነው።

800 ሜትር እንዴት ይሮጣል?

800 ሜትር በመም ላይ ሁለት ዙር ነው። ሯጮቹ የመጀመሪያውን ኩርባ በየመስመራቸው ይሮጣሉ። ኩርባው ሲያልቅ መሬት ላይ የተሰመረ ምልክት አለ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ውስጠኛው መስመር ይገባሉ። ትከሻ ለትከሻ መተሻሸት የሚጀምረው እዚህ ነው። ወደ ውስጥ ከገባህ ልትታፈን ትችላለህ፤ ወደ ውጭ ከወጣህ ደግሞ ኩርባው ላይ ትርፍ መንገድ ትሮጣለህ።

ጡንቻችን ጉልበት የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በኦክስጅን ነው፤ ቀስ ይላል፣ ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል። ሁለተኛው ያለ ኦክስጅን ነው፤ ይህ ፈጣን ነው፣ ግን እንደ ዱቤ ዕቃ ነው፣ ዕዳ አለው። ጡንቻው ውስጥ አሲድ እየተጠራቀመ ይሄድና እግር እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የ100 ሜትር ሯጭ ዕዳው ሳይመጣበት ይጨርሳል። የማራቶን ሯጭ ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቆ ይሮጣል። የ800 ሜትር ሯጭ ግን ዕዳውን ገና በመጀመሪያው ዙር ይወስዳል፣ 600 ሜትር ላይ ባለዕዳው ይደርስበታል፣ የቀረውን 200 ሜትር ከነዕዳው መሮጥ አለበት።

ስለዚህ ነው ሁለተኛው ዙር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው የሚዘገየው። ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የመጀመሪያውን ዙር በ49.28 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ51.63 ሰከንድ ነበር የሮጠው። የዓለም ፈጣኑ ሰው እንኳ በሁለተኛው ዙር ከሁለት ሰከንድ በላይ ዘግይቷል። በ800 ሜትር መጨረሻ ላይ «ተፈተለከ» የምንለው ሯጭ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ የዘገየው ሯጭ ነው።

በክፍል ውስጥ ይህን በሒሳብ ሠርተነው ነበር። መሐመድ አማን ሞስኮ ላይ የሮጠው 1 ደቂቃ ከ43.31 ሰከንድ ነው። ይህ ማለት 103.31 ሰከንድ ነው። ለ8 ብናካፍለው እያንዳንዱን 100 ሜትር በ12.9 ሰከንድ ሮጧል ማለት ነው። ከዚያ ልጆቹን ሜዳ ላይ አውጥተን በ50 ሜትር ገመድ 100 ሜትር ለካንና በስልክ ሰዓት ያዝንላቸው። ከ13 ሰከንድ በታች የገቡት ጥቂቶች ናቸው። «አሁን ሳታርፉ ይህንኑ ሰባት ጊዜ ድገሙት» ስንላቸው ሳቁ። 800 ሜትር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

ከ2013 በፊት የነበረው መንገድ

መሐመድ አማን የተወለደው አሰላ ውስጥ ጥር 2 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ደግሞ ጃንዋሪ 10 ቀን 1994 ነው። ይህን ቀን ልብ በሉልን፣ በኋላ ያስፈልገናል።

በ2009 ጣሊያን ብሬሳኖኔ ከተማ ላይ የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና ተካሄደ። ደንቡ በዚያ ዓመት መጨረሻ 16 ወይም 17 ዓመት የሞላቸው ብቻ ይወዳደራሉ የሚል ነበር። መሐመድ 15 ዓመቱ ነበር። ዕድሜው ለውድድሩ አልደረሰም ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። የሮጠው ሩጫ እንዳልሮጠ ተቆጠረ።

በ2011 ደቡብ ኮሪያ ዴጉ ላይ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ ገና 17 ዓመቱ እያለ፣ ከአዋቂዎቹ ጋር ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ግን ስምንተኛ፣ ማለትም የመጨረሻ ሆነ። ያሸነፈው ሩዲሻ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው የሱዳኑ አቡባከር ካኪ ነው። ውድድሩ ኦገስት 30 ነበር። ሴፕቴምበር 18 ላይ፣ ማለትም ከ19 ቀን በኋላ፣ ጣሊያን ሚላኖ ላይ መሐመድና ሩዲሻ እንደገና ተገናኙ። መሐመድ 1:43.50፣ ሩዲሻ 1:43.57። ለረጅም ጊዜ ሳይሸነፍ የቆየውን ሰው የ17 ዓመቱ ልጅ ቀደመው።

በማርች 2012 ኢስታንቡል ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ወርቅ አገኘ። ያኔ ሁሉም «ለንደን ላይስ?» ማለት ጀመረ።

የለንደን ኦሎምፒክ የ800 ሜትር ፍጻሜ ኦገስት 9 ቀን 2012 ተደረገ። ብዙ የአትሌቲክስ ተከታታዮች ከታላላቅ የ800 ሜትር ውድድሮች አንዱ ይሉታል። ሩዲሻ ከመነሻው እየመራ በ1:40.91 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የቦትስዋናው ኒጄል አሞስ ሁለተኛ፣ የኬንያው ቲሞቲ ኪቱም ሦስተኛ ሆኑ። መሐመድ በ1:43.20 ስድስተኛ ወጣ። በዚያ ውድድር መጨረሻ የወጣው ስምንተኛው ሯጭ የገባበት 1:43.77 በ2000፣ በ2004 እና በ2008 ኦሎምፒክ ወርቅ ከተገኘባቸው ሰዓቶች ሁሉ የፈጠነ ነበር! መሐመድ እንግዲህ በጣም ጥሩ ሮጦ ነው ስድስተኛ የወጣው። ጥሩ ሠርተህም ሳይሳካልህ የሚቀርበት ቀን አለ።

ታዲያ ከዚያስ? ኦገስት 30፣ ከ21 ቀን በኋላ፣ ስዊዘርላንድ ዙሪክ ላይ በዝናብ ውስጥ ሩዲሻን እንደገና ገጠመው። መሐመድ 1:42.53፣ ሩዲሻ 1:42.81። የኦሎምፒኩን ሻምፒዮን፣ የክብረ ወሰኑን ባለቤት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሸነፈው።

ሁለቱን ዓመቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ2011 ስምንተኛ ወጥቶ በ19 ቀን ውስጥ አሸነፈ። በ2012 ስድስተኛ ወጥቶ በ21 ቀን ውስጥ አሸነፈ። በትልቁ ቀን ያልተሳካለት ሰው ሻንጣውን ዘግቶ ወደ አገሩ ቢመለስ ኖሮ እነዚህ ሁለት ድሎች አይኖሩም ነበር።

የ2013 ዓመት

የአንድ አትሌት የውድድር ዓመት እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ክረምት ላይ፣ የነሱን ክረምት ማለታችን ነው፣ የቤት ውስጥ ውድድር አለ። በ2013 ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ዳይመንድ ሊግ የሚባል ከአገር አገር የሚዞር ውድድር ነበር። በ2013 በነበረው ደንብ 14 ከተሞች ያዘጋጁ ነበር፤ እያንዳንዱ የውድድር ዓይነት በ7ቱ ላይ ይካሄዳል። አንደኛ 4 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1 ያገኛል፤ የመጨረሻው ውድድር ነጥብ እጥፍ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ በማብረቅ አይሆንም፣ ወራት ሙሉ መልፋት ይፈልጋል። በመሐል ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ይመጣል፤ እሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማጣሪያ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ያለው፣ ስህተት የማይምር ነው። ፈተናና የክፍል ውጤት እንደማለት ነው፤ ዳይመንድ ሊጉ የዓመቱ ተከታታይ ምዘና፣ ሻምፒዮናው የማጠቃለያው ፈተና።

በ2013 ሩዲሻ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሞስኮው የዓለም ሻምፒዮና ቀረ። ሰዎች «እንግዲህ መንገዱ ጸዳ» አሉ። ነገር ግን 800 ሜትር ላይ መንገድ አይጸዳም። አሜሪካኖቹ ዱዌን ሰሎሞንና ኒክ ሲሞንድስ፣ ለንደን ላይ አራተኛና አምስተኛ ሆነው ከመሐመድ ፊት የገቡት፣ ሁለቱም መጡ።

ፍጻሜው ኦገስት 13 ቀን 2013 በሉዥኒኪ ስታዲየም ተደረገ። ሰሎሞን እንደ ልማዱ ገና ከመነሻው ፈጥኖ መራ፤ የመጀመሪያው ዙር 50 ሰከንድ አካባቢ ነበር። መሐመድ አልቸኮለም፣ ግን አልራቀም። ሰሎሞን ዕዳው ደረሰበትና ደከመ። ሲሞንድስ መሪነቱን ተረከበ፤ ወደ መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ሲገቡ ወርቁ የሱ መስሎ ነበር። መሐመድ በውጭ በኩል ወጥቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ አለፈው። 1:43.31። ሲሞንድስ 1:43.55፣ የጅቡቲው አያንለህ ሱሌይማን 1:43.76።

በመሐመድና በሲሞንድስ መካከል ያለው ልዩነት 0.24 ሰከንድ ነው። በሜትር ስናሰላው ከሁለት ሜትር ያነሰ ነው፤ አንድ ትልቅ እርምጃ በሉት። መሐመድ 19 ዓመቱ ነበር። በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከ5000 ሜትር ባነሰ ርቀት ወርቅ ያመጣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያው ሞስኮ ጥሩነሽ ዲባባ በ10000፣ መሰረት ደፋር በ5000 ወርቅ አምጥተዋል፤ እነሱን ግን ሁሉም ይጠብቅ ነበር። የ800ው ወርቅ ነው አዲሱ።

ወርቁን ካገኘ በኋላ ማረፍ ይችል ነበር። አላረፈም። ሴፕቴምበር 6 ብራስልስ ላይ፣ በዳይመንድ ሊጉ መዝጊያ፣ በ1:42.37 አሸንፎ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን አሻሻለ፤ የዓመቱንም የዳይመንድ ሊግ ዋንጫ በ800 ሜትር ወሰደ። የዓመቱን ፈጣን ሰዓቱን የሮጠው ከዋናው ፈተና በኋላ ነው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በ2014 ፖላንድ ሶፖት ላይ የቤት ውስጥ ወርቁን ቢደግምም፣ ከዚያ በኋላ መሐመድ እንደ 2013 ያለ ዓመት አላገኘም። ጥሩ ዓመት ብርቅ ነው። ቢሆንም ያ ዓመት ከሰማይ አልወረደም፤ በ2009 ከተሰረዘው ውጤት፣ ከዴጉው ስምንተኛነት፣ ከለንደኑ ስድስተኛነት እየተጠራቀመ የመጣ ነው።

የወረቀቱ ነገር

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። እናቱን ስናነጋግራቸው «ከሚሊኒየሙ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር ነው የወለድኩት» አሉን። ሚሊኒየም የሚሉት የኛን 2000 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ልጁ የተወለደው በጥር 2002 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 2010 ማለት ነው። ወረቀቱን የሞላው ሰው «2002» የሚለውን ሰምቶ እንዳለ ጻፈው፤ ቀኑ ስላልታወቀም ጃንዋሪ 1 አለው። በአንድ ጊዜ ልጁ ስምንት ዓመት አረጀ።

መሐመድ አማን በ2009 ከውድድር የወጣው ዕድሜው አንድ ዓመት ስላነሰ ነው። የልደት ዓመቱ በኛ 1986 መሆኑን ያስተዋለ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ያ ቁጥር ሳይለወጥ የፈረንጅ ቅጽ ላይ ቢገባ ኖሮ የ15 ዓመቱ ልጅ 23 ዓመት ሞላው ይባል ነበር። ልክ እንደኛ ተማሪ።

ይህ የስፖርት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክፍል ሲመደብ፣ ፈተና ሲመዘገብ፣ የትምህርት ዕድል ሲመጣ ሁሉ ዕድሜ ይጠየቃል። ስለዚህ ወላጆችን እንዲህ እንለምናለን፦

አንደኛ፣ የልጃችሁን የልደት ቀን ስትናገሩ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብላችሁ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ራሳችሁ ለውጡት። ልጁ የተወለደው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ በኛ ዓመት ላይ 7 ደምሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ 8 ደምሩ።

ሦስተኛ፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት ወይም የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ ካላችሁ አትጣሉ፤ ብትችሉ ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

አራተኛ፣ የተጻፈላችሁን ሳታነቡ ከመስኮቱ አትነሱ። ማንበብ ካልቻላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ከእኛ አንዳችንን ጥሩን፣ እንመጣለን።

ወደ እኛ ሜዳ

«ያ ሁሉ መም ያለበት አገር ነው፣ እኛ ምን አለን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። የሎሎጎ ሜዳ አቧራና ጠጠር ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ ነው፤ ቦዳቦዳዎች መሐል ለመሐል ያቋርጡታል። እኛም ዙሩን የምናሰምረው በአመድ ነው።

ይህ ችግር ግን የኛ ብቻ አይደለም። የደቡብ ሱዳን የአጭር ርቀት ሯጭ ሉሲያ ሞሪስ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ለመዘጋጀት ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ከጓደኞቿ ጋር ጃፓን ውስጥ ማዕባሺ በምትባል ከተማ ቆይታለች። ኦሎምፒኩ በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት ሲራዘም ሉሲያም እዚያው ጠብቃ በ2021 አገሯን ወክላለች። አንድ ዓመት ተራዘመ ተብሎ ዓመቱ አላለቀም።

በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከ10ሩ አትሌቶች 5ቱ ከኬንያው ካኩማ ካምፕ የሄዱ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ። ማራቶን የሮጠው ዮናስ ክንዴ ደግሞ በስደት ሉክሰምበርግ ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየንና ዪች ፑር ቢየል የሮጡት 800 ሜትር ነው። ሮዝ 2:16.64፣ ፑር ቢየል 1:54.67 ገቡ፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ማጣሪያ አላለፉም። ከመሐመድ አማን ሰዓት ጋር ካስተያየነው ፑር ቢየል ከ11 ሰከንድ በላይ ዘግይቷል። ይህን የምንጽፈው ልናሳንሳቸው አይደለም። ያው ፑር ቢየል በ2022 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኖ ተመርጧል። ከማጣሪያው የወደቀ ሰው ዛሬ ውድድሩን ከሚያስተዳድሩት መካከል ተቀምጧል።

«ሐበሻ አጭር ርቀት አያሸንፍም» ላለው ተማሪያችን ደግሞ አንድ ስም እንነግረዋለን፤ ጽጌ ዱጉማ። ጽጌ ሩጫ የጀመረችው በአጭር ርቀት ነው። በኋላ ወደ 800 ሜትር ተዛወረች። በማርች 2024 ግላስጎው ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደች፤ በዚያው ወር አክራ ላይ የአፍሪካ ጨዋታዎችን ወርቅ ጨመረች። ኦገስት 5 ቀን 2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ1:57.15 ከእንግሊዟ ኪሊ ሆጅኪንሰን ቀጥላ ገብታ ብር አገኘች። ኢትዮጵያ በ800 ሜትር የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። ገና በልጅነቷ «ተይው፣ ያንቺ አይደለም» ብሏት የተወችው ቢሆን ኖሮ ያ ፍጥነት የት ይገባ ነበር?

ከእኛ ከመምህራኑ መካከል ዩኒቨርሲቲን ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጠን የተሰደድን አለን። «የት ደረሳችሁ?» የሚለን ሰው ሲመጣ የምንመልሰው ይጠፋናል። እኛም ብዙ ጊዜ ዓመታችን አልቋል ብለን እናስባለን። ልጁን «ተነስ» ስንለው ለራሳችንም መናገራችን ነው።

ልጁ በአራተኛው ቀን መጣ። እናቱ የክትባት ካርዱን ከዕቃቸው መሐል ፈልገው አገኙት፤ ከእኛ አንዳችን አብረናቸው ሄደን የዕርማት ማመልከቻ አስገባን። መልሱ ገና አልመጣም። ልጁ ግን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ አለ። 800 ሜትር ልሞክር ብሎ በመጀመሪያው ቀን እንደ 100 ሜትር ተፈትልኮ ወጣና 500 ሜትር ላይ ቁጭ አለ። «ዕዳው መጣ ቲቸር» አለን። ባለፈው ሳምንት ጨርሶታል። ሰዓቱን አንነግራችሁም፣ እንዳትነግሩብኝ ብሎናል።

ለክፍል ውይይት

1. ሩዲሻ ለንደን ላይ 800 ሜትርን በ100.91 ሰከንድ ሮጧል። በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ማለት ነው? አሠራሩን አሳዩ።

2. መሐመድ አማን በዙሪክ ሩዲሻን ያሸነፈው በስንት ሰከንድ ልዩነት ነው? በሜትር ብትገምቱትስ?

3. የራሳችሁን የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ከዚያ ወረቀታችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ ለመምህራችሁ ንገሩ።

4. ያልተሳካላችሁን አንድ ነገር አስቡ። ከዚያ በኋላ ባሉት 21 ቀናት ምን አደረጋችሁ?

መልሳችሁን ጽፋችሁ አምጡልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።